የበርማ ሕዝብ ታሪክ፦ ከንጉሥ ቲባው እስከ ማያዋዲ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ብዙዎቻችን የዚህን አገር፣ የበርማን (የሚያንማርን)፣ ስም በደንብ የሰማነው በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። ማያዋዲ በምትባል የድንበር ከተማ ዙሪያ፣ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ውስጥ ታግተው ከነበሩ ሰዎች 260 ያህሉ በፌብሩዋሪ ወር ወደ ታይላንድ ተሻገሩ። ከእነሱ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዜናውን ያየሁ ቀን ካርታ ከፍቼ ማያዋዲን ፈለግኳት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አገር ማንበብ አላቆምኩም፤ ሰውም መጠየቅ አላቆመም። ይሄ አገር መንግሥት የለውም እንዴ? እነማን ናቸው? ለምንድነው 70 ዓመት አልፎ የሚዋጉት? መልሶቹን አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በርማ ነው ሚያንማር የሚባለው?

ሁለቱም አንድ አገር ነው። በራሳቸው ቋንቋ "ምያንማ" የመጽሐፍ አጠራር ነው፣ "ባማ" ደግሞ የአፍ። እንግሊዞች ከሰው አፍ የሰሙትን ይዘው በርማ አሉ። በ1989 ወታደራዊው መንግሥት አገሩ ሚያንማር ይባል ብሎ አወጀ። ሺዎችን አደባባይ ላይ በገደለ በዓመቱ፣ ያውም ሕዝቡን ሳይጠይቅ ያደረገው ስለሆነ ብዙ ተቃዋሚዎች አሻፈረን ብለው ለዓመታት በርማ እያሉ ቀጠሉ። እኔ የድሮውን ሳወራ በርማ፣ የአሁኑን ሳወራ ሚያንማር እላለሁ።

"የበርማ ሕዝብ" ስንል ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ባማር የሚባለው ትልቁ ብሔር ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ የሚኖረውም በአብዛኛው በኢራዋዲ ወንዝ ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያውን ባሉት ተራሮችና የባሕር ዳርቻዎች ሻን፣ ካረን፣ ካቺን፣ ቺን፣ ሞን፣ ራካይን እና ሌሎችም አሉ። መንግሥት በይፋ የሚቆጥራቸው 135 ናቸው። ከታች የማወራው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሜዳውና የተራራው ጉዳይ ነው።

ከእንግሊዝ በፊት ምን ነበሩ?

መንግሥት ነበሩ፣ ያውም ትልቅ። ቀድመው ፕዩ የሚባሉ ሕዝቦች በጡብ አጥር የታጠሩ ከተሞች ሠርተው ነበር። ባማሮቹ ከሰሜን፣ አሁን ቻይና ከሆነው የዩናን አካባቢ መጥተው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባጋንን ያዙ። በ1044 የነገሠው አናውራታ የቴራቫዳ ቡድሂዝምን የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረገ። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቤተ መቅደስ ሲሠሩ ኖሩ፤ ዛሬም ባጋን ሜዳ ላይ ከ2,000 በላይ ቆመው ይታያሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሞንጎሎች መጡና ያ መንግሥት ፈረሰ።

ከዚያ ባይናውንግ የሚባል ንጉሥ በ1569 የሲያምን (የዛሬዋን ታይላንድ) ዋና ከተማ አዩታያን ያዘ። የመጨረሻውን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው አላውንግፓያ ደግሞ በ1755 በደቡብ ያለችውን ዳጎንን ይዞ ስሟን ያንጎን አላት። "ጠቡ አበቃ" እንደማለት ነው። በ1785 አካባቢ ራካይንን ጠቀለሉ። እዚህ ላይ ነው እንግሊዝ ከምትገዛት ሕንድ ጋር ድንበር የተጋሩት።

ፊደላቸው ለምን ክብ ክብ ሆነ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ድሮ የሚጽፉት በዘንባባ ቅጠል ላይ፣ በሹል ብረት እየጫሩ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ብትጭርበት ቅጠሉ በጭረቱ በኩል ይሰነጠቃል። ስለዚህ እጃቸው እየዞረ እየዞረ ፊደሉ ሁሉ ቀለበት መሰለ። እኛ ብራና ዳምጠን ስንጽፍ እነሱ ቅጠል ያሰጡ ነበር። የአንድ ሕዝብ ፊደል በምን ላይ እንደሚጻፍ እንደዚህ ቅርጹን ሲወስነው ማየት ደስ ይላል።

እንግሊዞች እንዴት ያዟቸው?

በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ጦርነት፣ በ60 ዓመት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ከ1824 እስከ 1826 ነበር። ማሃ ባንዱላ የሚባለው ዝነኛ ጄኔራላቸው ዳኑብዩ ላይ በ1825 ተገደለ። በያንዳቦ ውል ራካይንን፣ በደቡብ ያለውን ቴናሰሪምን፣ አሳምንና ማኒፑርን ለቀቁ፤ በዚያ ላይ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ክፈሉ ተባሉ። ለእንግሊዝም ቢሆን በሕንድ ካደረገቻቸው ጦርነቶች በጣም ውድ ከሆኑት አንዱ ነበር፤ ወታደሮቿ ከጥይት ይልቅ በበሽታ አለቁ። በ1852 ሁለተኛው መጣና የደቡቡን ሜዳ በሙሉ፣ እንግሊዞች ራንጉን የሚሏትን ያንጎንንም ጨምሮ ወሰዱ። ንጉሡ ባሕር የሌለው መንግሥት ይዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የነገሠው ሚንዶን ብልህ ሰው ነበር። በ1857 ማንዳላይን ቆረቆረ፣ ቡድሂስት ቅዱሳት መጻሕፍትን በ729 የእብነ በረድ ጽላቶች ላይ አስቀረጸ (ዛሬም አሉ)፣ ልጆች ወደ አውሮፓ ልኮ አስተማረ። ግን አልጋ ወራሹን በወጉ ሳያስቀምጥ በ1878 ሞተ።

ሦስተኛው በ1885 ነው፣ እሱም ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ፈጀ። ሰበቡ እንጨት ነበር። ቦምቤይ በርማ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ከንጉሥ ቲባው ደን ቲክ የተባለውን ውድ እንጨት እየቆረጠ የሚገባውን ክፍያ አልከፈለም ተብሎ 23 መቶ ሺህ ሩፒ ቅጣት ተጣለበት። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ንጉሡ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሞ ነበር፤ ለንደን ደግሞ ፈረንሳይ በማንዳላይ እግሯን እንድትተክል አልፈለገችም። መርከቦቹ በኢራዋዲ ሽቅብ ወጡ፣ አለቀ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1886 አገሩ የእንግሊዝ ግዛት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ያች አጭር አዋጅ የሺህ ዓመት ንግሥናን ዘጋች።

ንጉሡስ ምን ሆነ?

ቲባው ያኔ 26 ዓመቱ ነው። ወደ ዙፋን የመጣው ከገዳም ትምህርት ነው፤ በፓሊ (በቡድሂስት ቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ) ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ነበር። ስሙ የጠፋው በነገሠ በዓመቱ ቤተ መንግሥቱ 80 ያህል ዘመዶቹን ስላስፈጀ ነው፤ ለዚህም ብዙ ሰው ንግሥቲቱን ሱፓያላትንና እናቷን ይወቅሳል። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ግን ኖቬምበር 29 ቀን 1885 ማታ የሆነውን ሳነብ ሆዴ ይባባል። የእንግሊዝ መኮንኖች ከቤተ መንግሥቱ እንዲወጣ ጊዜ ሰጡት፤ ከዚያ ንጉሡ ከንግሥቲቱ ጋር በበሬ በሚጎተት ተራ ጋሪ ላይ ተጭኖ ወደ ወንዙ ተወሰደ። ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ተንበርክኮ ያለቅሳል። ወደብ ላይ መርከብ ትጠብቀዋለች። ከዚያ ራትናጊሪ ወደምትባል የሕንድ ባሕር ዳር ከተማ ወሰዱት፤ እዚያው 31 ዓመት በግዞት ኖሮ በ1916 ሞተ። አገሩን ዳግመኛ አላየም። ከእሱ 27 ዓመት በፊት እንግሊዞች የመጨረሻውን የሕንድ ሙጋል ንጉሥ ያጋዙት ደግሞ ወደ ራንጉን ነበር። የአንዱን ንጉሥ ወደ ሌላው አገር እያጋዙ መተካካት ለእነሱ የተለመደ አሠራር ነበር።

ሕዝቡ ዝም ብሎ ተቀበለ?

በፍጹም። ቤተ መንግሥቱ በሁለት ሳምንት ወደቀ፣ ገጠሩ ግን ለዓመታት ተዋጋ። የመንደር ሹሞች፣ ከሠራዊቱ የተበተኑ ወታደሮች፣ መሣፍንት፣ መነኮሳት ሳይቀሩ ጫካ ገቡ። እንግሊዞች "ሽፍታ" አሏቸው። እኛ ይህቺን ቃል በደንብ እናውቃታለን፤ ጣሊያን አርበኞቻችንን የጠራችው በእሷ ነው። ከ30 ሺህ በላይ ወታደር አሰለፉባቸው፣ መንደሮችን አቃጠሉ፣ ለሽፍታ ያበላ ተብሎ ነዋሪውን በሙሉ ከቀዬው አነሱ። አዲስ የመንደር ሕግ አወጡና ለአንድ ሰው ጥፋት ሰፈሩ በሞላ እንዲቀጣ አደረጉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ያልታየው ጉዳት ይመስለኛል። ንጉሡ ለቡድሂስት ገዳማት ጠባቂ ነበር፤ የመነኮሳቱ አለቃ የሚሾመው እሱ ነው፣ ሥርዓት የሚያስከብረው እሱ ነው። መንደር ውስጥ ደግሞ ልጅ ማንበብ የሚማረው ገዳም ነው፣ ልክ እንደ እኛ የቄስ ትምህርት ቤት። ንጉሡ ሲሄድ ገዳሙ ያለ ደጋፊ ቀረ፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ደግሞ የሥራ በር ሆነ። የሜዳው ማኅበረሰብ አጥንቱ ወጣ።

የጫማው ጉዳይ የሚባለው ምንድነው?

ለኢትዮጵያዊ ይሄን ማስረዳት አይከብድም። እኛ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። በርማዎችም ፓጎዳ ውስጥ በባዶ እግር ነው የሚሄዱት፤ ከፓጎዳው ግቢ በር ጀምሮ። አውሮፓውያን ግን በጫማቸው ዘው ይሉ ነበር። ቀድሞም በሚንዶን ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኞች ንጉሡ ፊት ጫማ አናወልቅም ብለው መገናኘት ቆሞ ነበር።

በ1910ዎቹ የተማሩ ወጣት ቡድሂስቶች ይሄን አነሱት። አገራችንን መልሱ ብለው ቢጠይቁ ወህኒ ነው፤ ቤተ እምነታችንን አክብሩ ማለት ግን ማን ይከለክላል? በ1919 ማንዳላይ ውስጥ መነኮሳት ጫማቸውን ሳያወልቁ በገቡ ፈረንጆች ላይ ተነሱባቸው፤ አንዱ መነኩሴ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ግን ቆይቶ መንግሥት ለየፓጎዳው አስተዳዳሪዎች የመወሰን መብት ሰጠ። ሕዝቡ እንግሊዝን በአንድ ነገር ማሸነፍ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በጫማ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1920፣ የራንጉን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ አደረጉ፤ ያ ቀን ዛሬም ብሔራዊ በዓላቸው ነው። ኡ ዊሳራ የሚባል መነኩሴ ደግሞ እስር ቤት የምንኩስና ልብሴን መልሱልኝ ብሎ 166 ቀን ምግብ አልበላም ሲል በ1929 ሞተ።

እንግሊዝ ልማት አምጥታለች ይባላል፤ እውነት ነው?

ባቡር፣ ወደብ፣ የእንፋሎት መርከብ መጥቷል። የኢራዋዲ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ረግረግ ተመንጥሮ የሩዝ እርሻ ሆነ፤ በ1930ዎቹ በርማ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሩዝ ትልክ ነበር። በዓለም ቀዳሚዋ ላኪ እሷ ነበረች። ትርፉ ግን የማን ኪስ ገባ? ወፍጮውና መርከቡ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበር። የቀን ሠራተኛው ከሕንድ በመርከብ የሚመጣ ድሃ ነው። ብድሩ ከደቡብ ሕንድ ከመጡ ቸቲያር ከሚባሉ አበዳሪዎች ነው። ገበሬው ደግሞ መሬቱን አስይዞ ይበደራል፣ ሩዙን ሸጦ ይከፍላል።

በ1930 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የሩዝ ዋጋ ተንኮታኮተ። ገበሬው ብድሩን መክፈል አቃተው። በዋና ዋናዎቹ የሩዝ አውራጃዎች ቸቲያሮቹ የያዙት መሬት በ1930 ከ100 እጅ 6 ነበር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ አራተኛ ደረሰ። አስቡት፣ አያቱ ጫካ መንጥሮ ያቀናውን ማሳ የልጅ ልጁ በጭሰኝነት ያርሰዋል። አበዳሪዎቹ መሬት ፈልገው አልነበረም፣ ገንዘባቸውን ነበር የፈለጉት፤ ግን ለገበሬው ምኑም አይደለም። ቁጣው ሁሉ ሕንዳዊ በሆነ ሰው ላይ ዞረ። እንግሊዙ ከፎቅ ላይ ሆኖ አይታይም፣ ሕንዳዊው ግን ደጃፍ ላይ ነው።

በዚያው በ1930 ታራዋዲ በሚባል አውራጃ ሳያ ሳን ተነሣ። ቀድሞ መነኩሴ የነበረ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። ራሱን አነገሠ፣ ተከታዮቹ ጥይት አያገኘንም ብለው ተነቀሱ፣ ክታብ አሠሩ። ጎራዴ ይዘው መትረየስ ገጠሙ። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ፣ ሳያ ሳንም በ1931 ተሰቀለ። ብዙ ጸሐፊዎች እንደ አጉል እምነት ያወሩታል። እኔ ግን የገበሬውን ጥያቄ ነው የማየው፦ የነፍስ ወከፍ ግብሩ ይነሣልን፣ ሩዛችን ዋጋ አጥቷል። ይሄ ምን አጉል እምነት አለው?

ብሔረሰቦቹ መጣላት የጀመሩት ከመቼ ነው?

ድሮም ነገሥታቱ እርስ በርስ ሲወራረሩ ኖረዋል፤ ባማርና ሞን፣ ባማርና ራካይን። ፍቅር ነበር እያልኩ አይደለም። ግን እንግሊዝ ሁለት ነገር አደረገች።

አንደኛ፣ ሜዳውን በቀጥታ ገዛች፣ ተራራውን ግን ለየራሳቸው ባላባቶች ትታ ለብቻው አስተዳደረችው። የሻን መሣፍንት በቤተ መንግሥታቸው ቀሩ። ሜዳው ላይ ምርጫ፣ ምክር ቤት፣ ጋዜጣ ሲመጣ ተራራው አልደረሰውም። ሁለቱ ወገን አንድ ካርታ ላይ ሆነው ሳይተዋወቁ ኖሩ።

ሁለተኛ፣ ሠራዊቱን ከካረን፣ ከካቺንና ከቺን መለመለች። በ1939 በሠራዊቱ ካረኖቹ ከ1,400 በላይ ሲሆኑ ባማሮቹ 500 አይሞሉም ነበር፤ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ባማር ሆኖ ማለት ነው። ከካረኖቹ ብዙዎቹ በሚሲዮናውያን ክርስቲያን ሆነው ነበር። ስለዚህ አንድ ባማር ገበሬ መሣሪያ ይዞ የሚመጣበት ሰው ሲያይ ሕንዳዊ ወይ ካረን ነው። ቂሙ የት እንደሚያርፍ መገመት አይከብድም።

ኦንግ ሳን ማነው?

የነጻነታቸው አባት ነው። በ1915 ናትማውክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በ1936 የተማሪዎቹን አድማ ከመሩት አንዱ ነበር። እሱና ጓደኞቹ እርስ በርስ "ታኪን" ይባባሉ ነበር። ትርጉሙ "ጌታዬ" ነው፣ በርማዎች እንግሊዞችን የሚጠሩበት ቃል። የአገሩ ጌታ እኛ ነን ለማለት ነው ለራሳቸው የወሰዱት። እንዴት ያለ ድንቅ ሐሳብ ነው!

በ1940 በመርከብ ተደብቆ ወጣ፤ ጃፓኖች አገኙት። ሠላሳ ሆነው ሃይናን ደሴት ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። በታሪካቸው "ሠላሳዎቹ ጓዶች" ይባላሉ፤ በ1941 ባንኮክ ላይ ደማቸውን በአንድ ዕቃ አፍስሰው ጠጥተው ተማማሉ። ከዚያ ከጃፓን ጦር ጋር አገራቸው ገቡ፣ ራንጉን በማርች 1942 ወደቀች። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕንዳውያን በእግራቸው ተራራ አቋርጠው ሸሹ፤ በመንገድ ላይ በረሃብና በወባ ያለቁት እጅግ ብዙ ናቸው። አዲሱ የበርማ ሠራዊት ደግሞ በካረን መንደሮች ላይ ግድያ ፈጸመ። ካረኖች ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ጃፓን በ1943 ነጻ ናችሁ ብትልም ነጻነቱ የወረቀት ነበር። ኦንግ ሳን ጊዜውን ጠብቆ ማርች 27 ቀን 1945 ጠመንጃውን አዞረ። ብልጥነት ነው ክህደት? እኔ ብልጥነት ነው እላለሁ፤ ሁለት ዝሆን ሲጣላ መሐል የተገኘ ሣር ምን ምርጫ አለው።

የአዲስ አበባው ጄኔራል ዊንጌት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ትምህርት ቤቱ የተሰየመለት ያው ሰውዬ ነው። ኦርድ ዊንጌት በ1941 ጊዲዮን የተባለውን ጦር ይዞ ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል ጣሊያንን ተዋጋ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋርም ሜይ 5 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወደ በርማ ተላከ። በ1943 ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይዞ ከጃፓን መስመር ጀርባ በጫካ ገባ፤ ሲሦው ገደማ አልተመለሰም። ጦሩ "ቺንዲት" ይባል ነበር፤ ስሙ የተወሰደው በፓጎዳ በር ላይ ከሚቆመው "ቺንቴ" ከሚባለው የአንበሳ ሐውልት ነው። በማርች 1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሌላም አለ። በርማን ከጃፓን ያስለቀቀው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ዊሊያም ስሊም በ1940 መተማ ፊት ለፊት ጋላባት ላይ ከጣሊያን ጋር የተዋጋ ነው። በዚህ ዘመቻ ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ክፍለ ጦሮችም ተዋግተዋል፤ ስለ እነሱ የሚጻፈው በጣም ጥቂት ነው።

የፓንግሎንግ ስምምነት ምንድነው?

ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ይሄ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዝ ደክማለች፣ ሕንድም እየሄደች ነው። ኦንግ ሳን በጃንዋሪ 1947 ለንደን ሄዶ በአንድ ዓመት ውስጥ ነጻነት እንዲሰጥ ተስማማ። እንግሊዞች ግን የተራራው ሕዝብስ ፈቅዷል ወይ አሉ። ተመልሶ በሻን አገር ፓንግሎንግ በምትባል ከተማ ከሻን፣ ከካቺንና ከቺን መሪዎች ጋር ተቀመጠ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 ፈረሙ፦ የውስጥ አስተዳደራችሁ የእናንተ ነው፣ ከሜዳው ሰው ጋር እኩል መብት አላችሁ፣ አብረን ነጻ እንውጣ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት ለሻንና ለካረኒ (ከካረን የተለየ ግዛት ነው) ከአሥር ዓመት በኋላ እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ጻፈ።

ካረኖች ግን አልፈረሙም፤ ታዛቢ ሆነው ነው የተቀመጡት። የራሳችን አገር ይሰጠን ነበር ያሉት፤ ከእንግሊዝ ጎን ተዋግተን እንዴት እንጣላለን አሉ። እንግሊዝ ግን ጥላቸው ሄደች።

ኦንግ ሳንን ማነው የገደለው?

ጁላይ 19 ቀን 1947፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል። ኦንግ ሳን ራንጉን ውስጥ በመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ፎቅ ላይ ካቢኔውን ሰብስቧል። በሩ ላይ ይህ ነው የሚባል ጥበቃ የለም። አንድ ጂፕ ገባ፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች ደረጃውን ሮጠው ወጡ፣ በሩን በርግደው ከፈቱት። ኦንግ ሳን ብድግ አለ። ተኩሱ የጀመረው በእሱ ነው። 32 ዓመቱ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ልብ በሉ። ታላቅ ወንድሙ ባ ዊን አለ። የሞንግፓውን የሻን መስፍን አለ። ማን ባ ካይንግ የሚባለው ካረን ሚኒስትር አለ። አብዱል ራዛቅ የሚባለው ሙስሊም ሚኒስትር አለ። ዘጠኝ ሰው ሞተ። ያ ጠረጴዛ የፓንግሎንግ ተስፋ ራሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የላካቸው ኡ ሳው የሚባል የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትርና ተፎካካሪ ነው፤ በ1948 ተሰቀለ። የኦንግ ሳን ሴት ልጅ አባቷ ሲገደል ሁለት ዓመቷ ነው። ኦንግ ሳን ሱ ቺ እሷ ናት።

ነጻነቱ የታወጀው ለምን በሌሊት ሆነ?

ኮከብ ቆጣሪዎች መልካም ሰዓት ያሉት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ስለነበረ ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1948። የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ፣ አገሩ ኮመንዌልዝ ውስጥም አልቆይም ብሎ ወጣ። ኡ ኑ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሻኑ መስፍን ሳኦ ሽዌ ታይክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1955 ኢትዮጵያም የተገኘችበትን የባንዱንግ ጉባኤ ከጠሩት አምስት አገሮች አንዷ በርማ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ኡ ታንትም በርማዊ ነው። "ኡ" ስም አይደለም፤ "አጎት" ወይም "አቶ" እንደማለት ነው።

ታዲያ ወታደሩ ከየት መጣ?

ነጻነት በወጣ በሦስተኛው ወር ኮሚኒስቶች ጫካ ገቡ። በጃንዋሪ 1949 ካረኖች ተነሡ፣ ራንጉን ጫፍ ደርሰው ነበር። ሠራዊቱ በዚያ እሳት ውስጥ አደገ፣ አገሩን ያለ እኔ ማንም አያድነውም ብሎ አመነ። መሪው ኔ ዊን ነው፣ ከሠላሳዎቹ ጓዶች አንዱ።

ማርች 2 ቀን 1962 ሥልጣን ያዘ። ሰበቡ የሻንና የሌሎች መሪዎች ራንጉን ተሰብስበው የተሻለ ፌዴሬሽን ይኑረን ማለታቸው ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሳኦ ሽዌ ታይክ ቤት በሌሊት ተከበበ፤ የ17 ዓመት ልጁ ተገደለ፤ እሱም በዚያው ዓመት እስር ቤት ሞተ። ፓንግሎንግ የፈረሰው ያን ቀን ነው። በጁላይ ተማሪዎችን ረሸኑ፣ በማግስቱ የተማሪዎች ማኅበሩን ሕንፃ በድማሚት አፈረሱት። ሱቁም ባንኩም ተወረሰ። በ1987 ደግሞ የ25፣ የ35 እና የ75 ኪያት ብሮች ያለ ምንም ካሳ ተሰረዙ፤ የሰው ቁጠባ በአንድ ቀን ወረቀት ሆነ። በኋላ የወጡት አዲሶቹ ብሮች 45 እና 90 ነበሩ፣ ኔ ዊን ለ9 ቁጥር ስለሚያደላ። በኦገስት 8 ቀን 1988 ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሺዎች ተገደሉ። በ1990 ምርጫ የሱ ቺ ፓርቲ ከ492 ወንበር 392 አሸነፈ፣ ጄኔራሎቹ ግን አንለቅም አሉ።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ስንጥቁን የሠራው ቅኝ ግዛት ነው። 60 ዓመት ሙሉ በሽብልቅ እየመታ ያሰፋው ግን የራሳቸው ጄኔራል ነው።

ሮሂንጃዎች ከየት ናቸው?

በራካይን ክልል የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ወታደራዊው መንግሥት በ1982 የዜግነት ሕግ ሲያወጣ ከ1823 በፊት የነበሩ ብሔረሰቦች ብቻ ሙሉ ዜጋ ይሁኑ አለ። ለምን 1823? እንግሊዝ ከመግባቷ አንድ ዓመት በፊት ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ እንግሊዝ ያመጣችው ነው ማለት ነው። ሮሂንጃዎች ከዚያ በፊትም እዚያ ነበርን ቢሉም ከ135ቱ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በ2017 ሠራዊቱ መንደሮቻቸውን ሲያቃጥል ከ700 ሺህ በላይ ሰው ወደ ባንግላዴሽ ሸሸ። ሱ ቺ ያኔ የመንግሥቱ መሪ ነበረች፤ በ2019 ሄግ ድረስ ሄዳ ተከራከረችላቸው፣ ለጄኔራሎቹ። የእሷን ትግል ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ ግን አዝኛለሁ።

የተዘረፈው ንብረታቸው ተመለሰ?

ከፊሉ። ከማንዳላይ ቤተ መንግሥት የተወሰዱትን የንግሥና ዕቃዎች የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1964 መልሷል። በርማም ለምስጋና አንዱን የወርቅ ዕቃ ለሙዚየሙ ሰጠች። የመቅደላው ዘውድ ያለው እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው። መመለስ አይቻልም ለሚሉን ይሄን ንገሯቸው።

እና ማያዋዲን የሚያስተዳድራት ማነው?

ከመጀመሪያው ልጀምር። ማያዋዲ የካረን ምድር ናት። በ1949 የተነሣው የካረን ጦርነት እስከ ዛሬ ጨርሶ አላበቃም፤ በመሐሉ ግን ካረኖቹ ራሳቸው ተከፋፈሉ። በ1994 መጨረሻ ቡድሂስት ካረኖች ከክርስቲያን መሪዎቻቸው ተለይተው ወጡ፤ አንዳንዶቹ ከሠራዊቱ ጋር ተስማምተው የድንበር ጠባቂ ሆኑ። መሬት አላቸው፣ መሣሪያ አላቸው፣ የሚቆጣጠራቸው የለም። የቻይና ማፍያዎች ገንዘብ ይዘው መጡና እዚያ መሬት ተከራዩ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሠራዊቱ እንደገና መንግሥት ሲገለብጥና ጦርነቱ አገሩን ሲያዳርስ ግቢዎቹ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ልጆቻችንን በ2025 አውጥቶ ያስረከበውም የመንግሥት ፖሊስ ሳይሆን አንድ የካረን ታጣቂ ቡድን ነው።

ከማዶ ያለችው የታይላንድ ከተማ ማይ ሶት ትባላለች፤ መሐል ላይ ሞይ የሚባል ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው ያለው። ደላላው ሥራው ባንኮክ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ደመወዙ በዶላር ነው ይላል። ባንኮክ ሲደርሱ መኪና ይጠብቃቸውና ወደ ምዕራብ ሰዓታት ይነዳሉ። ወንድማችሁ ወይ እህታችሁ እንዲህ ያለ ሥራ አገኘሁ ካላችሁ ቦታውን በስሙ አስጠይቁ፤ ማይ ሶት ከተባለ ቲኬቱ እንዳይቆረጥ። መንገድ ላይ ሆነው ከደወሉም ከመኪናው ወርደው አቅራቢያ ያለ የታይላንድ ፖሊስ ጋ ይሂዱ፤ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ የሚደርስላቸው መንግሥት የለም።